ለቅሶ ቤት «ተነስ» የሚል ሰዓት፦ ዘጠኝ ወር ከስማርት ሰዓቴ ጋር

ኅዳር ላይ ነው የገዛሁት፤ በ4,200 ብር። መሃል ባሕር ዳር፣ የስልክ ሽፋንና ኢርፎን ከሚሸጥባቸው ጠባብ ሱቆች አንዱ ውስጥ። ሻጩ ልጅ ሳጥኑን ከፈተ፣ ሰዓቱን እጄ ላይ አሰረና «ወንድሜ፣ ይሄ ሰዓት እንዳይመስልህ፤ ሐኪም ነው» አለኝ። ልብ ይቆጥራል፣ እንቅልፍ ይለካል፣ ኦክስጅን ያያል፣ ደም ግፊትና ስኳር ያውቃል፣ ስልክ ያነሳል። አንዴ ቻርጅ ካደረግኸው 14 ቀን ይሄዳል። ሰዓት ስለመናገሩ ግን ያነሳው ነገር ትዝ አይለኝም። ኋላ ነው ለምን እንዳላነሳው የገባኝ።

ማርካውን አልጠራም። ብጠራውም አይጠቅማችሁም። አንዱ ሰዓት በአምስት ስም ነው የሚሸጠው። የጓደኛዬ ሰዓት ከእኔው ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ስም ግን ሌላ ነው። አራት ማዕዘን መስታወት፣ ጥቁር የሲሊኮን ማሰሪያ፣ ከሥሩ ብልጭ ድርግም የሚል አረንጓዴ መብራት፣ በማግኔት የሚለጠፍ ቻርጀር። ገበያ ላይ ስታዩት ታውቁታላችሁ።

አሁን ነሐሴ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ቻርጅ ላይ ካልሆነ በቀር ከእጄ የወረደበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቤቴ ዓባይ ማዶ ነው። በሳይክል ድልድዩን ተሻግሬ ሥራ ገብቼ ማታ እመለሳለሁ። ስለዚህ ሰዓቱ የመጋቢትን ፀሐይም፣ አቧራውንም፣ የክረምቱን ዝናብም ቀምሷል። ሳጥን በከፈተበት ቀን «ምርጥ ዕቃ» ብሎ ቪዲዮ የሚለቅ ሰው ሞልቷል። እኔ የማወራችሁ ጫጉላው ካለፈ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው።

ከዋናው ልጀምር። ሰዓት ከመናገሩ።

ከስልኬ ጋር እንዳገናኘሁት የፈረንጁን ሰዓት ይዞ ብቅ አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 7:00 ይላል። ይህ እንኳ አዲስ አይደለም። ስልካችንም ያው ነው፤ ስድስት መቀነስ አብሮን ያደገ ሒሳብ ነው። ግን ስልክ አውጥተህ፣ ቆመህ ነው የምታየው። የእጅ ሰዓት በጨረፍታ ነው የሚታየው። ሳይክል እየነዳሁ 14:40ን ወደ ስምንት ሰዓት ከአርባ እስክቀይር ድረስ ባጃጁ ተሳፋሪ ሊያወርድ ከፊቴ ቆሟል።

ቅንብሩን በረበርኩት። ቋንቋ በቋንቋ ነው፤ የእኛን ሰዓት አቆጣጠር የሚል ነገር ግን የለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ ዘዴ ነገረኝ። «የስልክህን የሰዓት ቀጠና ቦነስ አይረስ በለው» አለኝ። መጀመሪያ የቀለደ መሰለኝ። ግን አስቡት፦ እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ አርጀንቲና 3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በመካከላችን ያለው ልዩነት ልክ 6 ሰዓት ነው። ሰዓቱን ከ24 ወደ 12 ቁጥር ከቀየርኩት፣ ቦነስ አይረስ ያለ ሰው እጅ ላይ የሚነበበው የእኛው የሐበሻ ሰዓት ነው።

ለሁለት ሳምንት አርጀንቲናዊ ሆንኩ። ደስ ሲል! ቀኑ እንኳ የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነበር። ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው ብሎ ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? ጣጣው የመጣው ከእንቅልፉ ነው። ማታ አራት ሰዓት ላይ ስተኛ፣ ሰዓቱ «ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ላይ የሚተኛ ይሄ ምን ዓይነት ሰነፍ ነው» ይላል መሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ የተኛሁትን የቀን ሸለብታ ብሎ መዘገበው። የሌሊት እንቅልፍ፦ ዜሮ። ከዚያ ስለ ጤናዬ ይመክረኝ ጀመር። ይህንን ችዬው ነበር። ከአዲስ አበባ የተላከልኝ የኦንላይን ስብሰባ ጥሪ ግን ስልኬ ላይ «3:00» ተብሎ ቁጭ አለ። ይሄ ሦስት የእኛው ነው ወይስ የእነሱ? እሱን ሳሰላስል ስብሰባው አለቀ። በነጋታው ወደ አገሬ ተመለስኩ።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩን አልሰማም። ኪራይ የምከፍለው፣ ዕቁብ የምጥለው፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23 የምለው በእኛው አቆጣጠር ነው። እሱ እጄ ላይ ተቀምጦ ሌላ ቁጥር ይነግረኛል። በዚህ አልተደራደርኩም፤ ቀኑን ከገጹ ላይ አጠፋሁት።

ለሰዓቱ መፍትሔ ያገኘልኝ አባቴ ነው። ስማርት የሚባል ነገር እጁ ላይ አስሮ አያውቅም። ለበዓል ቤቱ ሄጄ ሳማርር ሰማኝና «ጠቋሚ ያለው ገጽ የለውም?» አለኝ። አለው። «እሱን አድርገውና የአጭሩን ጠቋሚ ጭራ አንብብ።» ስድስት ሰዓት የክቡ ግማሽ ነው። ስለዚህ አጭሩ ጠቋሚ የፈረንጁን ሲያሳይ፣ ጭራው ሁልጊዜ የእኛን ያሳያል። ጠቋሚው ዘጠኝ ላይ ከሆነ ጭራው ሦስት ላይ ነው። ረጅሙ እንዳለ ይነበባል። የአባቴ ትውልድ ይህን ሲሠራበት ኖሯል። እኔ ደግሞ በአርጀንቲና ዞሬ ነው የደረስኩበት።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ፊደል ነው።

ባለቤቴ መልእክት ስትልክልኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። አያለሁ። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ክፍተት፣ ሳጥን፣ ሳጥን። አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣው። «ዳቦ ይዘህ ና» ይሁን «ልጁን ትኩሳት ያዘው» ይሁን አይለይም። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ወደ ሱቁ ይዤው ሄድኩ። ልጁ «ኧረ እሱ ሁሉም ላይ ነው» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተርና ለስልክ ቁጥር የተሰጣቸው መዝገብ ነው) ከገባ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ማለት ነው፣ ሩብ ክፍለ ዘመን አልፎታል። የሰዓቱ ሜሞሪ ትንሽ ስለሆነ ግን አምራቹ የሚሸጥበትን አገር ፊደል ይጭናል፣ ሌላውን ይተወዋል። እኛን ተወን።

ውጤቱ አስቂኝ ነው። የባንክ መልእክት በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ጥርት ብሎ ይነበባል። የሎተሪ አጭበርባሪ ይነበባል። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ጓደኞቼም ይነበባሉ። እነዚህን ሰዎች «ፊደል እያላችሁ» እያልኩ ስወቅስ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ባለቤቴን ራሴ «እባክሽ በላቲን ላኪልኝ» ስላት፣ «አንተ ነህ ይሄን የምትለው?» ብላ እምቢ አለች። አሁንም በሳጥን ነው የምታወራኝ። የሳጥኑን ብዛት አይቼ መገመት ለምጃለሁ። አጭር ከሆነ ዳቦ ነው። ረጅም ከሆነ አጥፍቻለሁ።

የባንኩ ጥርት ብሎ መነበብ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ዕቁባችን ተሰብስቦ፣ እኔ «በዚህ ወር ትንሽ ጠቦኛል» እያልኩ ሳለ፣ ደመወዝ ገባና እጄ በራ። አጠገቤ የተቀመጠው ወዳጄ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ከነቀሪ ሒሳቡ አነበበው። ምንም አላለም። ባይል ይሻለኝ ነበር፤ ፈገግታው በቂ ነው። የገንዘብ መልእክት እጅ ላይ እንዳይመጣ የዘጋሁት ያን ቀን ማታ ነው። እናንተ በመጀመሪያው ቀን ዝጉት።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ጣል ላድርግ። ብዙ ሰው «ሁለት ቀን ሠርቶ መልእክት ማሳየት አቆመ» ይላል። የእኔም አቁሞ ነበር። ጥፋቱ የሰዓቱ አልነበረም። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ የሰዓቱን አፕ ከጀርባ እየገደለው ነው። የስልኩ የባትሪ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ አፑን ከገደብ ነጻ አድርጉት፤ ይስተካከላል። ኢንተርኔት ሳይኖር ደግሞ ሰዓቱ ዋጋ የለውም የሚባለው ልክ አይደለም። ከስልኩ ጋር የሚነጋገረው በብሉቱዝ ነው። ዳታ ሲጠፋ የሚጎድለው የአየር ጠባዩ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ቀና ብዬ ጣናን አይቼ አውቀዋለሁ።

ወደ ሐኪምነቱ እንምጣ።

እርምጃ የሚቆጥረው በእጅ እንቅስቃሴ ነው፤ ውስጡ መነቃነቅ የምትለካ ትንሽ ነገር አለች። እግርህን አያይም። እኔ ጠዋት ከዓባይ ማዶ መሃል ከተማ ድረስ ፔዳል ስመታ እጄ መሪው ላይ ስለሆነ የሚቆጥርልኝ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ላብ በላብ ሆኜ ገብቼ «ዛሬ ብዙም አልተንቀሳቀስክም» ይለኛል። ሳይክል መንዳት መጀመሬን በጣቴ ነክቼ ካልነገርኩት አይገባውም። ከተማው በሙሉ በሳይክል በሚሄድበት ባሕር ዳር ላይ ይሄ ያናድዳል።

አንድ እሑድ እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ሳለ ሰዓቱን እጇ ላይ አሰርኩላት። ቡና ቆልታ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወቀጠች። ሙቀጫውን ስታስቀምጥ አየሁት፤ 640 እርምጃ። ከበርጩማዋ አልተነሳችም። ነገርኳት። «እና የት ደረስኩ ይላል?» አለችኝ። በሁለተኛው ስኒ ላይ እንደገና ጠየቀችኝ። «በረካ ስንጠጣ ዘጌ እደርሳለሁ ማለት ነው» ብላ ስቃ አልጠገበችም።

ሰዓቱ ከፋብሪካ ሲወጣ «በቀን 10,000 እርምጃ» የሚል ግብ ተጭኖበት ነው። ለረጅም ጊዜ ይህ ቁጥር የሐኪም ትእዛዝ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ የመጣው ከማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የጃፓን ድርጅት «ማንፖ-ኬይ» የሚል እርምጃ ቆጣሪ ሸጠ። ትርጉሙ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ነው። የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ገና አልቆ፣ ጃፓኖች የስፖርት ፍቅር የያዛቸው ጊዜ ነበር። በዚያ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ሳሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለምን ያስደነቀው ማን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። እናም አበበ ቢቂላ ከሮጠበት ከተማ የተነሳ ቁጥር ስድሳ ዓመት ዞሮ እጄ ላይ መጥቶ ይጨቀጭቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ አረጋውያን ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት ጥቅሙ 7,500 ገደማ ሲደርስ መጨመሩን እንደሚያቆም አሳይቷል። እኔም ግቡን 7,000 አድርጌ ሰላም አገኘሁ።

አሁን ወደ ለቅሶ ቤቱ።

ሰዓቱ አንድ ሰዓት ያህል ከተቀመጥክ ይንቀጠቀጥና ከወንበር የሚነሳ ሰው ሥዕል ያሳይሃል። ተነስ ነው የሚልህ። ቢሮ ውስጥ ጥሩ ነው፤ ወገቤን አቅልሎልኛል። ግን እኛ አገር መቀመጥ ማለት ሥራ መፍታት ብቻ አይደለም። ቡና ላይ እስከ በረካ ትቀመጣለህ። ሽምግልና ትቀመጣለህ። ለቅሶ ደግሞ ትቀመጣለህ፤ ቃሉ ራሱ «ለቅሶ መቀመጥ» ነው።

ሰፈራችን ሰው ሞቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ዝም ያለ ሰዓት ነበር። ንፍሮ ዞሮ ሁሉም እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። የእኔ እጅ ዝርርርር አለ። እኔ እንደማስበው ድንኳኑ ሙሉ ሰምቷል። አጠገቤ የነበሩት የዕድሩ አዛውንት ዞር ብለው አዩኝ።

«ስልክ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ሰዓቱ ነው።»

«ምን ይልሃል?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ብዙ ተቀመጥክ፣ ተነስ ይላል።»

ሰዓቱን ትንሽ ትክ ብለው አዩት። «ከለቅሶ ቤት?» አሉ። «አሳዳጊ የበደለው!»

ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ የሰዓቱ ስም ይኸው ሆኖ ቀረ። ልጄ እንኳ «አባዬ፣ አሳዳጊ የበደለው ቻርጅ ጨረሰ» ይለኛል።

ዐቢይ ጾም ላይ ደግሞ ሌላ መጣ። በየሁለት ሰዓቱ ብርጭቆ እያሳየ «ውሃ ጠጣ» ይላል። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ውሃ ጠጣ። ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ ጠጣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ ሰዓት ሳይሆን ፈተና ነው። አጠፋሁት፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ስቅለት ዕለት ግን አውልቄው መሄድ ረስቼ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ስግደቱ ጀመረ። ከተወሰነ በኋላ እጄ ተንቀጠቀጠ። የስፖርት እንቅስቃሴ አግኝቻለሁ፣ ልመዝግብ ወይ የሚል ጥያቄ ነው፤ ከጎኑ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው ሥዕል አለ። ማጎንበስና መነሳቱን ቀዘፋ አደረገው። ጣና ዳር ላለ ሰው በደንገል ታንኳ እየቀዘፍክ ነው ማለቱ እንኳ ባልከፋ፤ ቀኑ ስቅለት ባይሆን። አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። የስግደት ካሎሪ ማወቅ አልፈልግም።

የልብ ምቱን ግን አልነቅፍም። አረንጓዴው መብራት ቆዳችን ውስጥ ገብቶ ይመለሳል፤ ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፣ ልብ በመታ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰዓቱ ያንን ይቆጥራል። ዝም ብዬ ተቀምጬ በጣቴ ይዤ ስቆጥር ከእሱ ጋር እንገናኛለን፤ ቢበዛ በሁለት በሦስት ነው የምንለያየው። ሳይክል ላይ፣ በተለይ ኮብልስቶኑ ላይ ስንገጫገጭ፣ ይቀባጥራል። ማሰሪያው ከላላም እንዲሁ።

ደም ግፊቱና ስኳሩ? ይህንን አጥብቄ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም አክስቴ ስኳር አለባት፤ «ለእኔም ይሄን ግዛልኝና መወጋቱ ይቅርብኝ» ብላኝ ነበር። መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ሙከራ አደረግሁ። ከገበያ ሸንኮራ ገዛሁ። ወፈር ያለውን አንጓ መርጬ ሰዓቱን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩበት። ልጆቼ ከበው ቆመዋል። ሸንኮራው የልብ ምት አለው፤ 78። ኦክስጅኑ 97። ከእኔ ይሻላል። ከዚያ የደም ስኳሩን ለኩት። የሸንኮራ አገዳውን! «ጤናማ» አለ።

ልጆቹ ታካሚውን ልጠው በሉት። እኔ አክስቴን «እትዬ፣ መርፌሽን እንዳትተዪ» አልኳት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ያለው ይህንኑ ነው፦ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር ይለካል የተባለ የትኛውንም ሰዓት ወይም ቀለበት አልፈቀድኩም፣ አትመኑት ብሏል። በእንደዚህ ያለ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሻጮቹ ይህን ሲያወሩ ስሰማ ሳቄ ይጠፋል።

እንቅልፉን አጭር ላድርገው። ስተኛና ስነሳ በደንብ ያውቃል። «ጥልቅ እንቅልፍ 42 ደቂቃ» የሚለውን ግን ከምን እንዳመጣው እንጃ። አንድ ሰሞን ጠዋት ተነስቼ ደህና መሆኔን የምጠይቀው እሱን ነበር። ደህና ተኝቼ ተነስቼ፣ ውጤቴ 61 ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ድካም ይሰማኛል። ለካ ይህ ነገር ስም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች «ኦርቶሶምኒያ» ብለውታል፤ የሰዓት ውጤት ለማሳመር ሲጨነቁ እንቅልፍ ማጣት። አሁን አላየውም። ወባ በሚበዛበት ሰሞን አጎበሬ ውስጥ አንዲት ትንኝ ገብታ ካደረች ያለ እሱም አውቃለሁ።

ባትሪው 14 ቀን የተባለው ሁሉ ነገር ከጠፋ ነው። እኔ ጋ መጀመሪያ ስድስት ቀን፣ አሁን አራት ቀን ተኩል ይሄዳል። ብዙ የሚበላው እጅ ሲነሳ መስታወቱ የሚበራው ነገር ነው፤ ኮብልስቶን ላይ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይበራል። እሱን ሳጠፋው አንድ ቀን ጨመረልኝ። አራት ቀን ግን ለእኛ አያንስም። ስልኬ በመብራት መጥፋት ሦስት ጊዜ ሲሞት እሱ አለ። ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ በ2010 ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። ያ ሁሉ ውሃ በደጃችን እያለፈ እኔ ጨለማ ውስጥ ክብሪት ስፈልግ፣ የሚያበራልኝ ይህ የእጅ ሰዓት ነው። መስታወቱ ነጭ ሆኖ ይበራል። ሻማው ካለበት መሳቢያ ለመድረስ ይበቃል።

ክፉኛ ያስለቀሰኝ ቻርጀሩ ነው። በአምስተኛው ወር ገመዱ ከአንገቱ ላይ ውስጥ ለውስጥ ተበጠሰ። ባሕር ዳር ውስጥ የቀረኝ ሱቅ የለም። ቻርጀር አለ፤ የሁለቱ ፒኖች ርቀት ግን አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። አንዱ ገጠመልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ማግኔቱ ተገልብጦ ይገፋዋል። አንዱ ስልክ ሠሪ «ልበየድልህ» ብሎ በይዶልኝ ሁለት ቀን ሠራ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ መርካቶ ፈልጎ በሰው ላከልኝ። 350 ብር፣ አስራ አንድ ቀን ባዶ እጅ። ሰዓቱን በገዛችሁበት ቀን ሁለተኛ ቻርጀር ካልሰጧችሁ አትግዙ። ማሰሪያውም ላብና ሳሙና ሲገናኝበት እጄን አሳክኮ አቆሰለኝ። በጨርቅ ማሰሪያ ቀየርኩት፣ ዳነ።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጠባይ አወጣ። ውሃ አይገባውም፤ ይህን እመሰክራለሁ፤ ሰኔና ሐምሌን በሙሉ ዝናብ ላይ ነድቼበታለሁ። ችግሩ የዝናብ ጠብታን ጣት ይመስለዋል። አንድ ማታ ዘንባባዎቹ ሥር ዶፍ እየወረደብኝ ስነዳ፣ ከእጄ ላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ። «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። አለቃዬ ናቸው። ዝናቡ ደውሎላቸዋል። «ምን ሆነህ ነው? የምን ጩኸት ነው?» አሉኝ። «ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም የደወልኩት» አልኳቸው። በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ ያንን ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ነበረብኝ። ዝናብ ሲጀምር መስታወቱን ቆልፉት፤ ቁልፍ አለው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ አማርሬ ለምን አላወለቅሁትም?

ስለመንቀጥቀጡ ነው። ሻጩ ካልነገረኝ ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ስልኬ አሁን ድምፅ የለውም። ስብሰባ ላይ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ልጅ ተኝቶ ሳለ፣ ማንም ሳይሰማ እጄን ነካ ያደርገኛል። ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቴን ሳይቀሰቅስ እኔን ብቻ ይቀሰቅሰኛል፤ ለሃያ ዓመት የስልክ ደወል ሰላሟን ሲነሳት የኖረች ሴት ለዚህች ብቻ 4,200ውን ትከፍል ነበር፤ እሷ ናት ያለችው። ሳይክል ላይ ሆኜ የደወለውን አይቼ፣ ቆሜ ላንሳ ወይስ ቆይቶ እደውላለሁ ብዬ እወስናለሁ። ድሮ አንድ እጄን ለቅቄ ኪሴን ስበረብር ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ስልኬ ሶፋ ውስጥ ሲጠፋ ደግሞ ከሰዓቱ ላይ አስጮኸዋለሁ። ቤታችን ውስጥ በቀን ሁለቴ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

ለእኔ ሒሳቡ ይኸው ነው። ሐኪም ነው ብላችሁ ከገዛችሁት ተበላችሁ። እጃችሁን ነካ የሚያደርግ ጸጥተኛ ጥሪ አድራሽ ነው ብላችሁ ከገዛችሁት ዋጋው ተገቢ ነው። በ4,200 አልጸጸትም። አሁን በሰማሁት ዋጋ ግን አልገዛውም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ድልድዩ አካባቢ ሳይክሌን ይዤ ዝናብ ተጠልዬ ቆሜያለሁ። አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው ባጃጅ ይጠብቃሉ።

«ስንት ሰዓት ነው ልጄ?»

እጄን አዙሬ አየሁ። «ሦስት ከሩብ ነው እማማ።»

ጠጋ ብለው መስታወቱን አዩት። «ዘጠኝ ይላል እኮ!»

«ጭራውን ነው የማነበው።»

አንድ ጊዜ ሰዓቱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። «እንግዲያው ዘቅዝቀህ ነዋ ያሰርከው» አሉና፣ ባጃጁ መጣላቸው።